ስፌቱ የማን ነው?

መርካቶ ውስጥ፣ ከምናለሽ ተራ ጀርባ፣ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን እኩል በሚሰማበት አንድ ሰፈር የቆየ እድር ነበር። አባላቱ ከየአገሩ መጥተው እዚያው የከረሙ ናቸው። ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ አለ፤ ከሐረር መጥተው ሰፈሩ ውስጥ ያረጁ፣ ሞሰብ የሚሰፉ እናት አሉ፤ አባታቸው ከየመን ተሻግሮ እዚሁ የወለዳቸው ጨርቅ ነጋዴ አሉ፤ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል። የመንዝ ባና የሚሸጥ፣ ከጉራጌ ቃጫ እያስመጣች የምታከፋፍል፣ ከጅማ የሚመጣ ቡና የሚያራግፍ፣ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ የከሰል ማንደጃ የሚያወጣ፣ ሁሉም ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከአንድ መዝገብ ፊት ቆመው መዋጮ ይከፍላሉ።

የእድሩ ድንኳን አርጅቶ ነበር። አንድ ክረምት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ይህ ለእድር ትልቅ ውርደት ነው። በቀጣዩ ስብሰባ አዲስ ሸራ ይገዛ ተባለ። ሂሳብ ያዡ ሣጥኑን ከፍቶ ቆጠረና አይበቃም አለ። ያኔ ከአባላቱ የአንዱ ልጅ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የጨረሰች ወጣት፣ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን እኛው ለምን አንሠራውም?» አለች ለእድሩ ዳኛ። «እያንዳንዱ ቤት አራት በአራት ክንድ የሆነ ጨርቅ፣ አገሩ በሚያውቀው ሙያ ሠርቶ ያምጣ። ውሃ እንዳያሳልፍ ከሥሩ በላስቲክ ይገብረው። እኔ ቀለሙን አሰማማለሁ። ሲገጠም የሁላችንም እጅ ያረፈበት ይሆናል።»

ሰው ሁሉ ወደደው። ሸማኔው ወፍራም ቡሉኮ ሠርቶ ጠርዙን በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ጥበብ ከበበው። የሐረሯ እናት በሞሰባቸው ላይ የሚያወጡትን ሐረግ በቀለም ክር ሸራ ላይ ጠለፉት። ሐጂ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ሰማያዊ ሸራ አወጡ። ባና ሻጩ ጥቁር ባና፣ ቃጫ ነጋዴዋ በእጇ የጎነጎነችውን ምንጣፍ፣ ቡና አራጋፊው ሽታው ያልለቀቀውን ኬሻ አመጡ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከየቡና ቤቱ ደጃፍ የለቀመውን ቆርኪ ጨፍልቆ፣ በምስማር በስቶ፣ እየደራረበ ሰፋበት። ጨርቆቹ ተሰባሰቡና አንድ ልብስ ሰፊ በመኪናው ጎን ለጎን ገጠማቸው። ሥራው አንድ ሌሊት ብቻ ነው የፈጀበት፤ ከወጪው ሁሉ ያነሰው ገንዘብ የተከፈለውም ለእሱ ነው።

በግንቦት ድንኳኑ ተተከለ። ሲያዩት ዓይን ይማርካል። ከሌላ ተራ ሰው እየመጣ ፎቶ ተነሣበት። አባላቱም እንግዶቻቸውን እጃቸውን እየያዙ ወደየራሳቸው ጨርቅ ይወስዱ ነበር። «ይቺ የእኛ ናት» ይላል ሸማኔው። «ይቺ ደግሞ የእኛ» ይላል ባና ሻጩ። ልጅቷ ደስ አላት። ዳኛውም ደስ አላቸው።

ሐምሌ ላይ አንድ ኩሊ ሞተ። ዘመድ አልነበረውም፤ መዋጮውን ግን አንድ ወር አጓድሎ አያውቅም። እድሩ ወጉን ጠብቆ ቀበረውና ለሦስት ቀን ሐዘን ድንኳን ተተከለ። በሁለተኛው ሌሊት የመርካቶ ዝናብ መጣ። ዝናቡን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣራ ላይ ጠጠር የሚበተን ያህል ይጮሃል፣ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ወንዝ ይሆናል።

የማንም ጨርቅ አላፈሰሰም። ቡሉኮው ያዘ። ሸራው ያዘ። ኬሻው እንኳ ከላስቲኩ ጋር ያዘ። ውሃው የገባው በመገጣጠሚያው ነው። የልብስ ሰፊው መርፌ ላስቲኩን በስቶታል፤ ባናው ደግሞ ውሃ ሲነካው ተኮማትሮ ቀጭኑን ክር ከሁለት ወገን በጠሰው። በጨርቅና በጨርቅ መሃል ውሃው በመስመር በመስመር ይወርድ ጀመር።

ሁሉም ቀና ብሎ የራሱን ጨርቅ ዳበሰ። «የእኔ ደረቅ ነው» አለ አንዱ። «የእኔም ጠብታ አላሳለፈ» አለ ሌላው። እውነታቸውን ነው። ጨርቅ ያመጣ ሁሉ ሲገባ ዓይኑ ወደ ጨርቁ ሄዶ ከሥሩ ስለተቀመጠ፣ አብዛኞቹ ልብሳቸው እንኳ አልራሰም። በመገጣጠሚያው ሥር የተቀመጡት ጨርቅ ያላመጡት ናቸው፦ የሟቹ ጓደኞች ኩሊዎቹ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ሰፈሩ ውስጥ ገና ዓመት ያልሞላቸው ተከራዮች። እነሱ እስከ አጥንታቸው ረጠቡ። ማንም ግን ተነሡ አላላቸውም፣ ማንም ቦታ አልለቀቀላቸውም፤ እያንዳንዱ ወደ ላይ እያየ ነበርና።

ከረጠቡት መሃል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ነው። ለድንኳኑ ጨርቅ አምጡ ሲባል ማንም አልጠራቸውም፤ እናታቸው ከአንድ አገር፣ አባታቸው ከሌላ፣ እሳቸው የተወለዱት ገበያው ውስጥ ስለሆነ የየትኛው አገር ሙያ እንደሚመዘገብላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ከፊታቸው ላይ ውሃውን ጠረጉና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ አጠገባቸው ላሉት ብቻ በሚሰማ መጠን ጠየቁ።

«ጨርቁስ የየሰው ነው። ስፌቱ የማን ነው?»

«አባባ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ» አሉ ዳኛው።

«ስለዚህ ነው የምጠይቀው» አሉ ሽማግሌው።

ሰልስቱ ወጣ። በማግስቱ ሽማግሌው ወስፌያቸውን፣ ሲባጎና አንድ ቁራጭ ሰም ይዘው ከእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። ልጅቷ ቀድማ ደረሰች። ፊቷ ጠቁሯል።

«አባባ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«ቀለሙ ላይ አልተሳሳትሽም ልጄ። ሁሉም የራሱን ጨርሶ እንዲያመጣ ነገርሽው። ጨርሶ የመጣ ሰው ከጎረቤቱ ምን ይፈልጋል?»

ድንኳኑ ተፈታ። ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሁሉንም ጨርቅ በርሜል ውስጥ ነክሮ ማሳደር ነው። «የሚኮማተር አሁኑኑ ይኮማተር፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚያስቸግረን» አሉ። ባናው አንድ ስንዝር ተኩል አጠረ። ባና ሻጩ ተከራከረ፤ ጨርቄን አበላሻችሁት አለ። ሐጂ ምንም ሳይሉ ከሰማያዊው ሸራቸው የጎደለውን ያህል ቆርጠው ሰጡት። የሁለቱ ሰዎች ሱቅ ትይዩ ነው፤ ለዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ሽማግሌው እያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዙ አራት ጣት ያህል እንዲፈታና ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር ተቆላልፎ እንዲታጠፍ አዘዙ። ሸማኔው እምቢ አለ።

«ጥበቡ ያለው ጠርዙ ላይ ነው! የደከምኩት ለእሱ ነው። መሃሉንማ ማንም ይሠራዋል።»

እውነቱን ነው። የአገራችን ሸማ ነጭ ሆኖ ቆይቶ የሚያምረው መጨረሻው ላይ ነው፤ ሸማኔም የሚታወቀው በጥለቱ ነው። ያንን ወደ ስፌት ውስጥ አጥፈህ ደብቀው ማለት ስምህን ሰውር እንደ ማለት ይሆንበታል። የሐረሯ እናት ሲከራከር ሰምተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አትደብቀው» አሉት። «ጥለቱን ፍታውና ክሩን ለእኔ ስጠኝ። እኔ ስፌቱን በክርህ እጠልፈዋለሁ። አንተ ደግሞ ድሩን ያዝልኝ፤ እኔ እሱን አላውቅበትም።»

ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሳቸው ሞሰብ ሲሰፉ አለላውን በስንደዶው ላይ የሚያዞሩበትን አጠማዘዝ አሳዩት፤ እሱም ክር ሳይላላ የሚወጠርበትን ዘዴ አሳያቸው። ሲባጎውን ሰም እያስጠጡ፣ ወስፌው በበሳው ቀዳዳ እያሳለፉ ይስቡታል። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ አስረዋል፤ ሰም የጠጣ ሲባጎ ሲሳብ እጅ ይቆርጣል። ማታ ላይ ሸማኔው ጣቱ ደምቶ፣ ቆዳውን ተውሶ ይሰፋ ነበር።

ሦስተኛው ጠብ «የማን ጠርዝ ከላይ ይሁን?» የሚል ነበር። ሁሉም የእሱ እንዲታይ ፈለገ። ዳኛው ሊያስማሙ ሞክረው አቃታቸው። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ነው መልሱን ያገኘው፤ ቤት የከደነ ሰው ነውና። «ውሃ የሚፈርድ ነገር ላይ እኛ ምን አከራከረን?» አለ። «ከቁልቁለቱ በላይ ያለው ከላይ ይሆናል፣ በታች ያለው ከሥሩ ይገባል። እዚህ ጋ ከላይ የሆነ ጨርቅ እዚያ ጋ ከሥር ነው።» እንደተናገረውም ሆነ። እያንዳንዱ ጨርቅ በአንዱ ጎኑ ጎረቤቱን ደረበ፣ በሌላው ጎኑ በጎረቤቱ ተደረበ።

ስፌቱ ብዙ ነበር። የአባላቱ እጅ አልበቃ አለ። ያኔ ሽማግሌው ኩሊዎቹንና እንጨት ተሸካሚዎቹን ሴቶች ጠሩ። ጨርቅ አልነበራቸውም፤ እጅ ግን ነበራቸው፣ ደግሞም ውሃው የት የት እንደሚገባ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በጣታቸው እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ነው የወረደብኝ፣ እዚህ ጋ አጥብቁት» ይሉ ነበር። ዳኛው ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ወስፌ ይዘው መሬት ተቀመጡ።

ሥራው እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፈጀ። ልጅቷ በወረቀት ላይ የነደፈችው መልክ አልቀረም፣ ግን ሌላ ነገር ወጣበት። የቡሉኮው ቢጫ ክር የሐረሩ ሐረግ ውስጥ ገብቷል፣ የባናው ጥቁር ሰማያዊው ላይ ተሻግሯል፣ ቆርኪው ከኬሻው ጋር በቃጫ ተቆላልፏል። ዓይን የሚያርፈው መስመሮቹ ላይ ሆነ። እሷም ንድፏን አጥፋ ስፌቱን ትስል ጀመር።

በመስከረም ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሸማኔውን «የአንተ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሸማኔው ቀና ብሎ ፈለገና ቡሉኮውን ትቶ፣ እሱና የሐረሯ እናት የሰፉትን መስመር አሳየው።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። እኔ የምለው አጭር ነው።

ባህልን ከባህል እናገናኝ ተብሎ የሚዘጋጅ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት ላይ የተተከለችውን ድንኳን ነው የሚመስለው። ህዳር 29 ቀን፣ በብሔር ብሔረሰቦች በዓል፣ በየዓመቱ መድረክ ላይ እናየዋለን፦ አንዱ በልብሱ አጊጦ ይወጣል፣ ይጨፍራል፣ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሌላው ይወጣል። ልብሱ ያምራል፣ ጭፈራውም ደም ያሞቃል፤ እኔም በሙሉ ልቤ አጨበጭባለሁ። ግን አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ምን ተባባሉ? አንዱ ያለ ሌላው ሊጨርሰው ያልቻለው ነገር ምን ነበር? ይህ ካልተጠየቀ በዓሉ ጨርቅ ብቻ ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የሚረጥበው መድረክ ላይ ወገን ያልተመደበለት ሰው ነው።

መርካቶ ራሷ የዚህ ጉዳይ ምስክር ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ወደዚህ ያዛወረው ነጩን ከአገሬው ለመለየት ነው፤ አራዳ ለአውሮፓውያን፣ ይህኛው ለአገሬው እንዲሆን ተነድፎ ነበር። ለመለያየት የተሰመረ መሬት ላይ የጉራጌው፣ የስልጤው፣ የዶርዜው፣ የትግሬው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የአረቡ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣበቀ። የተሳሰሩት በፉከራ አይደለም። በዱቤ ነው፣ በእቁብ ነው፣ «ሱቄን እየልኝ ሰግጄ ልምጣ»፣ «ሱቄን እየልኝ ተሳልሜ ልምጣ» በመባባል ነው። ስፌቱን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ማንም ንድፍ አልሰጣቸውም።

በጥበብ ሥራ ደግሞ ይህን ከተረዱት መሃል ከሁሉ በፊት የማነሣው ኤልያስ ስሜን ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ፣ ቀድሞ ሸራ ላይ በክርና በቁልፍ ይሰፋ ነበር፤ በኋላ ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የስልክ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ፣ ከረዳቶቹ ጋር ሽቦውን እየጎነጎነ እንጨት ላይ ያያይዘው ጀመር። «ታይትሮፕ» የሚባሉት ትልልቅ ሥራዎቹ ብዙ ሰሌዳዎች ተገጣጥመው የሚቆሙ ናቸው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዌሊን ሙዚየም በዚሁ ስም ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶለታል። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ያለው ሽቦ በሌላ አህጉር ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ የበየደችው፣ በሌላ አገር አንድ ሰው እናቱን ያናገረበት፣ እዚህ ደርሶ አንድ ቆራሌ በጆንያ የተሸከመው ነው። እነዚህ ሰዎች ተያይተው አያውቁም፤ ጉንጉኑ ላይ ግን አንድ ላይ ናቸው።

ኤልያስና መስከረም አሰጉድ በመካኒሳ ያቆሙት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዞማ ሙዚየምም ከጭቃና ከጭድ ነው የተሠራው። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል፦ ጭቃ ለብቻ አይቦካም። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ጭድ ይበትናል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይመርጋል፤ በገጠር ለዚህ ነው ደቦ የሚጠራው። ከደረቀ በኋላ ግድግዳው ላይ የማን እጅ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ መለየትም የሚፈልግ የለም።

ስለዚህ መርካቶ ውስጥ የጋራ የጥበብ ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ሠዓሊዎችና ለሚደግፏችሁ ድርጅቶች አንድ ልመና አለኝ። ከእያንዳንዱ ብሔረሰብ አንድ ተወካይ አትጥሩ። ትይዩ ሱቅ ያላቸውን ሁለት ሁለት ሰዎች ጥሩና አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዲጨርስ አድርጉ። ለቀለምና ለሸራ ከምትመድቡት ገንዘብ በፊት ለሲባጎው፣ ለሰሙና ሁለቱ ሰዎች አብረው ለሚጠጡት ሻይ መድቡ። ምረቃውን ከግንቦት ወደ ነሐሴ ግፉት፣ ዝናቡ ይፈትነው። ኩሊዎቹን፣ ቆራሌዎቹንና እንጨት ተሸካሚዎቹን ሴቶች በመክፈቻው ዕለት ለፎቶ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ለሥራ ጥሯቸው፤ የሚከፈላቸውም ከሠዓሊው ክፍያ ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ።